የአብዲሳ ከብቶች

ባሌ አብዲሳ በቻይንኛ ስለ ከብት ማውራት ሲጀምር እኔ ወደ ማቀዝቀዣው እሮጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዲሳ የከብት ሕክምና የተማረው ቤጂንግ ነው። አስተማሪው የነበሩት ሽማግሌ ቋንቋው ቶሎ እንዲገባው ብለው ከብት ያለበትን አነጋገር ሁሉ አስጠኑት። ላሙም በሬውም በእነሱ አፍ «ኒዮ» ነው። ጉረኛ ሰው «ቹይ ኒዮ» ያደርጋል፣ ከብት ይነፋል ማለት ነው። እኛ ጉራ እንነፋለን፣ እነሱ ከብት። በማይረባ ነገር ላይ ሙጭጭ የሚል ሰው የበሬ ቀንድ ጫፍ ውስጥ ገብቶ ይቆፍራል ይባላል። ለማይሰማ ሰው መናገር ደግሞ ለከብት ክራር መምታት ነው፤ «ዱይ ኒዮ ታን ቺን»። ይቺን ስንጣላ ነው የሚያወጣት። ከሁለታችን ከብቱ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ራሱን «ላው ኋንግ ኒዮ» ብሎ ይጠራል፤ ቢጫው ሽማግሌ በሬ፣ ሳያጉረመርም እስኪወድቅ የሚጎትተው። ኦስሎ ውስጥ የሚያክመው ከብት ስላላገኘ ትራም ያጥባል፤ ስሙ ልኩ ነው።

በፊት ስቄ አልጠግብም ነበር። የስኳር በሽታው መጥቶ ሳቄን ወሰደው። የኢንሱሊን መርፌውን ተወግቶ ምግብ ከዘገየበት ስኳሩ ይወርዳል። ያን ጊዜ ላብ ያጠምቀዋል፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም ጥለውት ይሄዳሉ፣ ከብቶቹ ብቻ ይቀራሉ። ለምን እነሱ እንደሚቀሩ ሐኪሙም አላወቀም። ስለዚህ ዘዴ አበጀን። ከብት በጠራ ቁጥር «ትርጉሙ?» እለዋለሁ። ከተረጎመ ቀልድ ነው። ካልተረጎመ ሳፍት፣ ያንን የፈረንጅ ጭማቂ፣ ስኳር ጨምሬ በጥብጬ በግድ እግተዋለሁ።

በሽታውን ከጸሎት ቡድናችን ደብቆ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፉሩሴት፣ ወንድም መኩሪያ ቤት የምንሰበሰብ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ነን። ከመካከላችን በልሳን የማይጸልይ እሱ ብቻ ነበር። ሁላችን መንፈስ ቅዱስ በሰጠን፣ ራሳችን በማናውቀው ቋንቋ ስናመሰግን እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ማንም ክፉ አልተናገረውም። መኩሪያ ግን ለእሱ ሲጸልይ ለሌላው ከሚጸልየው ይልቅ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር፤ ያ ነው የሚያሳፍረው። «ልሳን የለኝ፣ ጤና የለኝ፤ ምን ይዤ ልቁም?» አለኝ አንድ ቀን። አንጀቴን በላኝ።

በፈረንጆቹ 1997 ክረምቱ ሳይወጣ የቻይናዎች የበሬ ዓመት ገባ። አብዲሳ ራሱ የተወለደው በበሬ ዓመት ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «አስተማሪዬ ሰው የራሱን ዓመት ይፍራ ይሉ ነበር» አለኝ።

«በኢየሱስ ስም! አፍህን ዝጋ» አልኩት። 

የዚያን ዕለት ጾም ጸሎት ነበር፤ እኔ ሥራ ስላለብኝ አልገባሁበትም። «አንተ ግን ትበላለህ፤ ሐኪሙ ምን እንዳለህ ታውቃለህ» አልኩት። «ጃ፣ ጃ» አለኝ፤ በኖርዌይኛ አዎ፣ አዎ ማለቱ ነው። መርፌውን ሲወጋ አይቼዋለሁ። ዳቦውን በወረቀት ጠቅልዬ እጁ ላይ ሰጥቼው እኔ ሊንደሩድ ወደምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሄድኩ።

ለምሳ ቁጭ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ዳቦዬን አገኘሁት። ከሥሩ ሌላ ጥቅል አለ። የእሱ ዳቦ ነው።

ክው አልኩ። መርፌውን ተወግቶ፣ ሳይበላ፣ እኔን አታልሎ ሄዷል። ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ስልክ ሮጥኩ።

ያነሳችው የመኩሪያ ሚስት ዋጋዬ ናት። ከኋላዋ መዝሙርና ጭብጨባ ይሰማል።

«እህት አባይነሽ!» አለችኝ፤ ድምፅዋ በዕንባ ታፍኗል። «ደስ ይበልሽ! ወንድም አብዲሳ ተቀበለ!»

«ምን ተቀበለ?»

«ልሳን ነዋ! ከረፋዱ ጀምሮ አላቆመም። ላብ በላብ ሆኗል። ስሚው!» ብላ የስልኩን ገመድ ወደ ሳሎን ሳበችው።

ሰማሁት። ያ የምወደው ድምፅ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ «ኒዮ... ላው ኋንግ ኒዮ... ኒዮ» ይላል። በዙሪያው ያለው ሰው ሃሌ ሉያ ይላል።

«አብዲ! ትርጉሙ? ትርጉሙ?» ብዬ ጮህኩ።

ዋጋዬ ተመለሰች። «እሱን እኮ ነው እኛም የምንጠብቀው። መኩሪያ ጌታ ተርጓሚ እንዲያስነሣ እየጸለየ ነው።»

«ዋጋዬ፣ ስሚኝ። ቻይንኛ ነው። ስኳር በሽታ አለበት፣ ይሞትብኛል። አሁኑኑ ጣፋጭ ነገር ስጡት!»

ለባሏ አንድ ነገር ስትነግረው ሰማሁ፤ ስልኩን ተቀበላት።

«እህቴ» አለኝ መኩሪያ በርጋታ፣ «አብዲሳ ስኳር አለብኝ ብሎ አንድም ቀን አልነገረንም። ስንት ዓመት የለመነውን ዛሬ ሲያገኝ ጠላት በፍርሃት እንዲያቋርጠው አንፈቅድም። አንቺም ጸልይ።» ዘጋው።

መኩሪያ ክፉ ሰው አይደለም። ይበልጥ ያስፈራኝ ይኼው ነው፤ ክፉ ቢሆን እለምነው ነበር፣ እርግጠኛ ሰውን ግን ምን ብዬ ልለምነው? ደግሜ ደወልኩ። ማንም አላነሳም።

አምቡላንስ ጠራሁ። አድራሻውን ስናገር ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። በባቡር ከሊንደሩድ ፉሩሴት ለመድረስ ወደ ከተማ ወርዶ እንደገና መውጣት ስለሆነ ታክሲ ያዝኩ። በረዶ ይጥላል፣ መኪናው ይሳባል፣ ሾፌሩ ስለ መንገዱ ያማርራል። በልሳን ልጸልይ ብዬ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፤ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ተራ አማርኛ ብቻ ነው። «አትውሰድብኝ» እላለሁ፣ «አትውሰድብኝ፣ አትውሰድብኝ»።

ዋጋዬ በሩን የከፈተችልኝ ሳልደውል ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዝም አለ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በጀርባው አስተኝተው ነጠላ አልብሰውታል። በመንፈስ ወድቋል ብለው ዙሪያውን ተንበርክከው በቀስታ ይዘምራሉ። ፊቱ ረጥቧል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። መኩሪያ እጁን ዘርግቶ «እህቴ፣ ጌታ ሲሠራ አትንኪው» አለኝ።

ገፋሁት። በዕድሜ የሚበልጠኝን፣ የማከብረውን ሰው ገፍቼ ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። «ማር!» ብዬ ስጮህ ወደ ኩሽና የሮጠችው ዋጋዬ ናት። ራሱን ለሳተ ሰው መጠጥ እንደማይሰጥ ሥራዬ አስተምሮኛል፤ ወደ ጎን አዙሬ ማሩን በጣቴ ድዱ ላይ ቀባሁት። «አብዲ፣ ትርጉሙ? አብዲዬ፣ ትርጉሙ?» እላለሁ። አይመልስም። መዝሙሩ ቆሟል። የሚሰማው የእሱ ማንኮራፋት ብቻ ነው፣ እሱም እየተራራቀ ሄደ። መበለት መሆኔ ታየኝ። ጥቁር ልብሴ የትኛው ሻንጣ ውስጥ እንዳለ ሳይቀር አሰብኩ።

የአምቡላንሱ ሰዎች ገብተው ክንዱ ላይ መርፌ ሰክተው ስኳር ለቀቁበት። ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ።

«አባይዬ» አለ።

ደረቱ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ሰውም ሁሉ አለቀሰ።

ፈረንጆቹ ዳቦ አስይዘውት፣ ደሙን ለክተው፣ እኔን የስኳር መለኪያ ይዤ እንደሆነ ጠይቀው፣ ብቻውን እንዳልተወው አስጠንቅቀውኝ ሄዱ። አብዲሳ ዳቦውን እንደያዘ ዙሪያውን ተመለከተ። የሰዉን ዕንባ አየ፣ የተሸፈነበትን ነጠላ አየ።

«በልሳን ተናገርኩ እንዴ?» አለ።

ፊቱ በራ። ባገባኝ ቀን እንኳ እንዲህ አልበራም።  መኩሪያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቀኑን ሙሉ የጸለየለት ተርጓሚ እኔ ነበርኩ።

ጃ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ጃ ካልኩት በሚቀጥለው ቅዳሜም ዳቦውን ቦርሳዬ ውስጥ ይደብቀዋል። በጾም ያገኘውን በጾም ሊጠብቀው ይነሣል፣ እኔም አንድ ቀን በረዶው ላይ እዘገያለሁ።

«አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምን አልኩ?»

«ላው ኋንግ ኒዮ።»

«ከብት?»

«ከብት ብቻ፣ አብዲ። ስኳርህ ወርዶ ነው።»

የፊቱ ብርሃን ጠፋ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። ዳቦውን ጨርሶ በላ፣ ነጠላውን አጥፎ ለዋጋዬ መለሰላት፣ ኮቱን ለበሰ። መኩሪያ በሩ ላይ አቅፎት «ይቅር በለኝ ወንድሜ» ሲለው ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው።

ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ጸሎት ላይ እንደሚቀመጠው። ድንገት በቀስታ «ዱይ ኒዮ ታን ቺን» አለ፤ ያቺን ለከብት ክራር የመምታቷን።



«ትርጉሙ?» አልኩት።

አልመለሰም።

«አብዲ፣ ትርጉሙ?»

አልመለሰም። ሰው ያየኛል ሳልል መለኪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጣቱን ወጋሁት፣ ደሙን መለኪያው ላይ ጠብ አድርጌ ቁጥሩ እስኪወጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ስኳሩ ደህና ነበር። ሌላ ጣቱን ወግቼ ደግሜ ለካሁት። ደህና ነበር። አብዲሳ እጁን ከእጄ አወጣና ጓንቱን አጠለቀ።