የጋሽ ጠጋ ቆስጣ

ታዲያ የቱን ነው የሚነቅለው፣ ይሄኛው ጎበዝ፣ ያኛው ከሱ የባሰ ጎበዝ፣ ጥግ ላይ ያለችው ቀጫጫ እንኳ አንገቷን አስግጋ ፀሐይ ትለምናለች፣ አንጀት ትበላለች፣ ማን ጨክኖ ይነቅላታል። ጋሽ ጠጋ ጓሮው ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ የቆስጣ መደቡን ያያል፣ እጁን ይሰዳል፣ ይመልሳል። ነገ ይነቅላል። አይ ነገ፣ ትናንትም ነገ ነበር ያለው።

ጠጋ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፣ ዕድሜውን በአውቶቡስ ረዳትነት ሲጨርስ ያፈራው ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የኋላው ጠጋ፣ እማማ ዘንቢሏን ጭንዎ ላይ ያርጓት፣ እዚች ጋ እኮ አንድ ሰው ይገባል፣ ይገባም ነበር፣ ሁሌ ይገባ ነበር፣ ሞልቷል የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፣ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው እያዩ ሞልቷል ብሎ በር መዝጋት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው። ጡረታ ወጣ፣ ስሙ ግን አብሮት ቀረ።

አመሉም አብሮት ቀረ። ዘር የሸጠለት ሰውዬ ነግሮታል፣ ጋሼ አራርቀህ ዝራው፣ የቆስጣ ፍሬ አንድ መስሎ ይታይሃል እንጂ ሁለት ሦስት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ሰምቷል፣ እሺ ብሏል፣ ክፍት ቦታ ሲያይ ግን እጁ አልታዘዘውም፣ እዚች ጋ አንድ፣ እዚች ጋ ሌላ፣ መደቡ ጢም አለ። ሲበቅልማ ማን ይቻለው፣ ሚስቱን እጇን ጎትቶ አምጥቶ አሳያት፣ አየሽልኝ፣ አንድ ወንበር ባዶ አልሄደም፣ እሷ ቆማ አየችና እነዚህስ ትርፍ ተጭነዋል አለችው፣ ይህችን ቃል እንኳ ከሱ ነው የለቀመችው።

ከዚያ ቢጫ መሆን ጀመሩ። ጠማቸው ብሎ ውኃ ጨመረ፣ ባሰባቸው። ተባይ ነው ብሎ ማለዳ እየተነሳ ቀንድ አውጣ ለቀመ፣ አመድ ነሰነሰ፣ ምግብ አንሷቸው ነው ብሎ ፍግ ተሸክሞ መጣ፣ ሴት ልጁ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀችበት፣ ባሏ ብቻ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ቆሞ አየና አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሄን ሁሉ ከሰካህ እኮ ይቃጠላል አለ፣ አማች ተብዬው ሁሉ ነገር ሽቦ ይመስለዋል። እውነቱን ነው ግን። ቅጠላቸው ከጣት አልሰፋም፣ ቁመት ብቻ፣ እየተገፋፉ ወደ ላይ።

ከወጥ ቤቱ መስኮት የሳህን ድምፅ ይመጣል። ልጁ ናት። ዛሬ ሳህኑን የምታስቀምጠው ቀስ ብላ ነው፣ ሌላ ሰው ሲከፋው ያንኳኳል፣ እሷ ቀስ ትላለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ቤት አግኝተናል አባዬ ብላው ነበር፣ የትንሿን ልጇን ጸጉር እየሠራች፣ ዓይኑን ሳታይ፣ ሁለት ፌርማታ ነው፣ ሩቅ አይደለም፣ እሱ ምን አለ፣ ይሄ ቤት ምን አነሰው አለ፣ ፍቅር ካለ አንድ ባቄላ ለአስር ይበቃል አለ፣ ሚስቱ ከጓዳ ሆና ባቄላውስ ይበቃል፣ አልጋው ነው ያልበቃው አለች፣ እሱም እውነት ነው፣ የልጅ ልጆቹ በሱና በሚስቱ መሀል ነው የሚተኙት፣ የትልቁ ክርን ጎኑን አቁስሎታል፣ የአማቹ የዕቃ ሳጥን ጠረጴዛ ስር ተቀምጦ የሁሉንም ቅልጥም መትቷል፣ ጠዋት መታጠቢያ ቤት በር ላይ ሰልፍ ነው። ምናለበት ታዲያ። የሁሉንም ትንፋሽ እየሰሙ መተኛትን የመሰለ ምን ደስታ አለ፣ ሁሉም ገብተዋል ብሎ በር መቀርቀርን የመሰለ። አንተ ውጪ ካላልከኝ አልወጣም አባዬ አለችው በመጨረሻ፣ አከራዩ ደግሞ እስከ ዛሬ ማታ መልስ ይፈልጋል፣ ጋሽ ጠጋ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጓሮ ወጣ፣ ቆስጣ ሊያይ።

አንዱን ይስባል። ሳያስበው ነው። ሙሉው ይመጣለታል፣ ሥሩ ነጭ፣ ከክር የማይወፍር፣ መዳፉ ላይ ያጋድመዋል፣ ምን ያርገው አሁን፣ ጥፋቱ የሱ እንጂ የቡቃያው አይደለም። ሚስቱ የእርጥብ ልብስ ገንዳዋን ይዛ ትወጣለች፣ ታየዋለች፣ ምን እንደ ሬሳ ታቅፈዋለህ፣ ቆስጣ እኮ እንደ ካሮት አይደለም፣ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢተክሉት ይይዛል፣ ውኃ ብቻ አትከልክለው፣ ትለዋለች። የት ልትከለው፣ ይላል እሱ፣ አታዪም እንዴ፣ ሞልቷል።

ሞልቷል።

ከገዛ አፉ ወጣ። ሚስቱ ልብሷን ታሰጣለች፣ ጀርባዋ ግን ሲስቅ ይታየዋል።

ከአውቶቡስ አስገድዶ ያወረደው ሰው የለም፣ አንድም፣ በዚህ ይኮራል። ግን ወራጅ አለ ያለውንስ መች አሳልፎ ያውቃል፣ ከኋላ፣ ከሰው መሀል፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት እንኳ ወራጅ ካለች በሩን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ ሹፌሩ ይቆማል፣ ትወርዳለች፣ ዕቃዋን ያቀብላታል፣ ቀስ ብለሽ እናቴ ይላታል፣ ለማያውቃት ሴት። የገዛ ልጁን ግን፣ ዓይኑን ሳታይ በዚያች ቀጭን ድምፅ የጠየቀችውን፣ ስንት ፌርማታ አሳለፋት። የሚያሳዝነው መሄዷ አይደለም እኮ፣ መሄዷስ ሁለት ፌርማታ ነው፣ ፈርታው መቆየቷ ነው። እሱን ፈርታ።

እጁ አሁን አይመለስም። አንዱን ይተዋል፣ ሁለቱን ይነቅላል፣ ቀጫጫዋንም ከነአፈሯ ያነሳታል፣ አሮጌ ጨርቅ ያረጥብና ላዩ ላይ ጎን ለጎን ያስተኛቸዋል፣ መደቡ ላይ የቀሩት ነፋስ አግኝተው ወዝወዝ ይላሉ፣ ደስ ይላሉ፣ ይሄን ያህል ደስ ይሉኛል ብሎ አልጠበቀም። ጉልበቱን ይዞ ይነሳል፣ መስኮቱ ስር ይቆማል።

አንቺ፣ ይላል። አቤት አባዬ። ያ ቤት ግቢ አለው ወይ። ቧንቧው ይዘጋል። አለው፣ ትላለች፣ ትንሽዬ ናት፣ በሩ አጠገብ። ፀሐይስ ያገኛታል ወይ። ጠዋት ጠዋት፣ ትላለች፣ ድምጿ እየቀጠነ። ጠዋት ካገኘ ይበቃዋል፣ ይላል ጋሽ ጠጋ፣ እርጥቡን ጨርቅ ከነቡቃያው በመስኮቱ እያቀበላት፣ በይ አሁን ለባልሽ ደውዪለት፣ ሰውዬው ለሌላ ሳያከራየው።