ከጀርባዬ ያለችው እጅ

እና ይቺ ስንጥቅ ከአፍንጫዬ ፊት ተነስታ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ቆርቆሮው ስር ስትደርስ ትጠፋለች፣ ይሄን መጋዘን ስንለስን ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ፣ ሳይበስል ቸኩለን ለሰንነው፣ ይኸው ተሰነጠቀ፣ አሁን ስለ ጭቃ ምን አገባኝ፣ እጄን ላስብ። እጄን። ከጀርባዬ ያደረግኳት ቀኟን ነው።

ለምን ቀኟን?

ሁልጊዜ ግራዬን ነበር። የውኃ ማኅበራችን ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አንድ እጁን ከጀርባው አድርጎ ቆሟል፣ ሐሳቡን የደገፈ መዳፉን ይዘረጋል፣ የተቃወመ ይጨብጣል፣ አዋላጇ ብቻ ከኋላ እየዞረች ትቆጥራለች፣ እሷ መሬት ስለሌላት አታዳላም ተብሎ ነው። ድሮ እጅ ወደ ላይ ነበር የምናወጣው፣ ታዲያ ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ የባለ ወፍጮውን እጅ ያያል፣ እሱ ካወጣ ያወጣል፣ እሱ ጭንቅላቱን ቢያክ እንኳ አብሮ ሊያክ ምንም አይቀረው፣ እህሉን የሚያስፈጭ ማን ደፍሮ ይቃወመዋል። ይሄን የግድግዳ ደንብ ያመጣችው ልጄ ናት። ያን ቀን ሰዉ ሳቀ፣ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ግድግዳ ልታሳቅፊን ነው ወይ አሏት፣ እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፣ ከትምህርት ቤት በጊዜ ነው የወጣሁት፣ እዚያም ብዙውን ጊዜ ግድግዳ ነው ያየሁት።

ቀኝ እጄ ቺንጋ ከያዛት ወዲህ አልተመለሰችም። የዚሁ የባለ ወፍጮው ቺንጋ፣ ሞተሩ ላይ የሚዞረው ቀበቶ፣ ሰውዬው የሚስቴ ወንድም ነው፣ በድምፁ ጡሩምባ እንለዋለን፣ ወፍጮው ቆሞበት ላግዘው ገብቼ ነው የያዘኝ። ሙሉ አትዘጋም፣ ሙሉም አትዘረጋም፣ የዶማ እጀታ ያህል ተከፍታ ቀረች። እንዲህ ያለች እጅ ከኋላ ብትታይ ደገፈች ነው ወይስ ተቃወመች? እኔስ አውቃለሁ? ተሳስቼ ነው፣ ከሰው ጋር ስዞር ተደናግሬ ነው፣ አሁን እቀይራታለሁ። ግራዬን አወጣለሁ። ጨብጬ። ጨብጬ ነዋ፣ ሽንኩርቴስ።

ሽንኩርቴ ገና ቀና ማለቱ ነው። በበጋ ውኃው ከላይ ነው የሚጀመረው፣ የቦዩ አናት ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ስጠግብ ጡሩምባ ይከፍታል፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ወደ ታች እያለ እያለ ታች ያሉት ዘንድ የሚደርሰው እርጥብ ጭቃ ነው፣ እሱም ከደረሰ። ጭራዎች እንላቸዋለን፣ ለቀልድ ነው፣ እነሱም ይስቃሉ፣ ይስቁ ነበር። ዛሬ የቀረበው ሐሳብ ይገልበጥ የሚል ነው፣ ከታች ይጀመር፣ እኛ የላይኞቹ መጨረሻ እንጠጣ። ልጄ ቆማ አነበበችው፣ ፍትሐዊ የውኃ ክፍፍልን በተመለከተ የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ አለች፣ ያ የቢሮ ቋንቋ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ፣ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የቦዩ አናት ላይ ማን እንዳለ እያወቀች። ያ ሽንኩርት ማንን እንዳሳደገ እያወቀች። ጥጋብ ነው? ጥጋብ አይደለም፣ እኔ አውቃታለሁ፣ አላውቃትም።

ጠዋት ማሳው ላይ መጣችብኝ። አባባ፣ ስብሰባ አለ። አውቃለሁ። እኔ አልለምንዎትም። ማን ለምኚኝ አለሽ። እንዲያው ለመናገር ያህል ነው። ተናገርሽ። ሄደች። ጫማዋ ላይ ጭቃዬን ይዛ ሄደች፣ እኔ ዶማዬን ይዤ ቀረሁ፣ ብትለምነኝ ኖሮ እምቢ እላት ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር፣ እምቢ ማለት አውቅበታለሁ፣ የሚጠይቀኝ ስጣ ግን ምን ልበል።

የአዋላጇ ጫማ ይሰማኛል፣ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ከወዲያኛው ጥግ ነው የጀመረችው፣ እዚህ ለመድረስ ገና ናት። በሩን ዘግተውት በሆነ፣ ነፋሱ ማጅራቴን ይዞኛል።

ጡሩምባ ከመዞራችን በፊት ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ስማ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ልታራቁትህ ተነስታለች፣ አንተ ደግሞ እንደ ግንድ ተገትረሃል፣ አባት አይደለህም እንዴ? ነኝ። ታዲያ? ታዲያ ምን? ታዲያ ምን ይለኛል እንዴ፣ ጨብጥ! ማን ያይሃል? ጨብጠህ ቤትህ ግባ። ሹክ ማለቱ ነው፣ መጋዘኑ በሙሉ ሰማው፣ ከወዲያ አንዱ እኛም ሰምተናል አመሰግናለሁ አለ፣ ተሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ማን ያይሃል የሚለው ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው። ልክ ነው፣ ማንም አያየኝም፣ ልጄም አታየኝም፣ ማታ ራት ስታቀርብ እንደ ወትሮዋ ታቀርባለች፣ ጨበጡ ወይ ብላ አትጠይቀኝም፣ እስክሞት አትጠይቀኝም፣ እሱ ነው ያስቸገረኝ፣ ብትጠይቀኝ እቆጣ ነበር።

ሚስቴ ከጎኔ ናት፣ ክርኗ ይነካኛል። እሷም የራሷ ድምፅ አላት፣ ይሄም የልጅቷ ሥራ ነው። ምን አድርገሽ ነው የያዝሽው? እላታለሁ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። አንተን ምን አገባህ ትለኛለች። የጡሩምባ እህት ናት፣ ልትጨብጥ ትችላለች፣ የልጄ እናት ናት፣ ልትዘረጋ ትችላለች፣ ስንት ዘመን አብሬያት ኖሬ እጇን አላውቀውም። አንገትህን አትጠምዝዝ፣ ያዩሃል። አልጠመዘዝኩም። ጠምዝዘሃል።

ሲጥ ሲጥ። ቀርባለች። ቀይር፣ ሰውዬ፣ ቀይር እጅህን።

ባለፈው በሬው ጠፍቶብኝ እስከ ታች ወረድኩ። እኔ ወደዚያ ወርጄ አላውቅም፣ ምን ሥራ አለኝ፣ ቦዩን ስንቆፍር እነሱ ናቸው ወደ እኛ የወጡት፣ ድንጋያማው የኔ ማሳ አናት ላይ ስለነበር ሁሉም እዚያ ነው የለፋው፣ አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ ድንጋይ ስታመላልስ ትዝ ይለኛል፣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ አፉ ተከፍቶ። በሬውን ያገኘሁት እሷ ማሳ ዳር ነው። ማሳ ካሉት። እሷ ግን ቦዩ ውስጥ ናት፣ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። ደረቁን ቦይ። አረም የለበት፣ ቅጠል የለበት፣ ጠርዙ ተስተካክሎ ተደልድሏል፣ ሰው ሳሎኑን እንዲህ አያፀዳም፣ ውኃ ብቻ ነው የሌለው። የኔ በኩል ያለው ቦይ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፣ አረሙ ጉልበት ይደርሳል፣ ነገ አጸዳለሁ እያልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ውይ ጋሼ፣ ውኃውን ይዘውልን መጡ? አለችኝ፣ ሳቀች፣ በሬዬን ነው አልኳት፣ እሱማ ጠጥቶ ነው የመጣው፣ ሆዱን አያዩትም አለችኝ። በሬዬን ይዤ ወጣሁ። ለምንድን ነው የምትጠርጊው ብዬ አልጠየቅኋትም፣ ምን ብላ ትመልስልኝ ነበር፣ ሲመጣ መንገድ እንዳያጣ ነው ትል ይሆናል፣ ላትልም ትችላለች። ለማንም አልተናገርኩም። ለልጄም። ልናገር አስቤ ነበር፣ እንዴት ይጀመራል እንዲህ ያለ ነገር፣ ዛሬ የተጠረገ ቦይ አየሁ ይባላል?

ሽንኩርቱ መጨረሻ ቢጠጣ ይደርቃል? ግማሹ ይደርቃል። ላይደርቅም ይችላል፣ ውኃው ሌሊት ቢለቀቅ፣ ቦዩ ቢጸዳ፣ የኔ አረም ራሱ ስንቱን ይጠጣል። ግን ቢደርቅስ፣ ዘሩን ከየት አመጣለሁ፣ ማን ይሰጠኛል፣ ጭራዎች ይሰጡኛል? ሞኝ አትሁን። ጨብጥ።

ጫማው ቆመ።

ከኋላዬ ትተነፍሳለች። ጋሼ። አቤት። ይሄ ምንድን ነው? እጄ ናት። እጅ መሆኗንማ አውቃለሁ፣ የሰፋኋት እኔ ነኝ፣ ይቺ እጅ ቆጠራ ውስጥ አትገባም፣ ሌላዋን ይስጡኝ። ጡሩምባ ከማዶ፣ ምን ተፈጠረ እዚያ? ፊት ወደ ግድግዳ! ትላለች፣ እኔ ባለሁበት ሰው አይቸኩልም፣ ስንቱን ምጥ ጠብቄያለሁ። ይሳቃል። ግድግዳው ሁሉ ይስቃል። ሚስቴ አትስቅም፣ ክርኗ ጠንክሯል።

ግራዬን።

ግራዬ የት ናት፣ ኮቴ ኪስ ውስጥ ናት፣ እስካሁን እዚያ ነበረች፣ ጭብጥ ብላ፣ ማንም ሳያዛት፣ ጥፍሬ መዳፌን ወግቶኛል። አወጣኋት። ስትወጣ ጭብጥ ነበረች፣ በዚህ እርግጠኛ ነኝ፣ ወደ ኋላዬ ስትዞርም ጭብጥ ነበረች፣ በቃ፣ አለቀ፣ ይቁጠሩ፣ ሽንኩርቴ ይጠጣ፣ ስንጥቋ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ቀጥ ያለች ናት፣ እንደ ቦይ ናት፣ ከታች ሲያዩዋት ባዶ ናት፣ ያቺ ሴትዮ ዛሬም እየጠረገች ይሆን፣ የለም እዚህ ናት፣ እሷም ከእነዚህ ግድግዳዎች በአንዱ ፊት ቆማለች፣ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ፣ ምን እንዳደረገችው ሁላችንም እያወቅን፣

ነፋስ። ከበሩ ነው የሚመጣው። ማጅራቴን አይደለም አሁን የነካኝ።

መዳፌን ነው።

መዳፌን ነፋስ የሚነካው እንዴት ነው? የተጨበጠ እጅ መዳፍ ነፋስ አያገኘውም። ጣቶቼን ልሰብስብ እላለሁ፣ ጤነኛ ናቸው እኮ፣ ግራዬን ቺንጋ አልያዛትም፣ ልሰብስብ፣ እሺ፣ ቆይ።

አየሁ ትላለች አዋላጇ። ቀስ ብላ። ጫማዋ ወደ ሚስቴ ያልፋል፣ ሲጥ ይላል፣ እዚያ አይቆይም፣ ያልፋል።

አሁን ዙሩ ልትለን ነው። ጡሩምባ ያየኛል፣ ልጄ ታየኛለች፣ ወይ አታየኝም፣ ፊቴን ምን አድርጌ ነው የምዞረው፣ ምን ነካህ ቢሉኝ ምን እላለሁ፣ ነፋስ ልል ነው? ዙሩ አለች። ሰው ሁሉ ይዞራል፣ እግሩ ይሰማኛል፣ እኔ ገና ግድግዳው ፊት ነኝ፣ እጄም እዚያው ናት፣ አልተዘጋችም።