የእማዬ መጥሪያ አላሸልብ አለ

እማዬ ኩሽና ውስጥ የወደቀችው መጥሪያዋ ቻርጅ ሲደረግ ነው። አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን አንዴ ስትጫነው እኔ ስልክ ላይ ይጮህና እንነጋገርበት ነበር። እሱ ግን ሳሎን፣ ገመዱ ላይ ተሰክቷል፤ እሷ ደግሞ ታላቅ እህቴ እትዬ ከገበያ እስክትመለስ ወለሉ ላይ።

መጥሪያውን የሚሠራው የእኛ መሥሪያ ቤት ነው። የኔ ድርሻ ከርነሉ ነው፤ የመሣሪያውን ክፍሎች የሚያዝዘው ሶፍትዌር። ቁልፉ ካልተነካ ሁሉም ክፍል ጠፍቶ መሣሪያው እንዲያሸልብ፣ ሲነካ ብቻ እንዲነቃ ማድረግ ነው ሥራዬ። ባትሪው ሳምንት ይቆያል ብለን ነበር የሸጥነው። እማዬ አንገት ላይ ግን ውሎ አያድርም።

«ይሄ ነገራችሁ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው» አለችኝ እትዬ፣ የእማዬን ወገብ በቅባት እያሸች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። እማዬ ከወደቀች ወዲህ የምትተኛው በሩን ከፍታ፣ ጆሮዋን እማዬ ክፍል ትታ ነው። እኔ በየቀኑ ከሰዓት እየደወልኩ «እንዴት ዋለች?» ብል ነው፤ ተረኛዋ ግን ቀንም ማታም እሷ ናት። አንጀቴን በላችው፤ አፈርኩም።

ቢሮ ስገባ ንጹህ የምንለው ባልደረባዬ የኤሌክትሪክ መለኪያው ፊት ተቀምጦ የመሞከሪያ መጥሪያችንን ይለካል። የመሣሪያውን ዕቃ የሚሠራው መሐንዲሳችን ነው፤ ለተጠየቀው ሁሉ «ቁጥሩ ንጹህ ነው» ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት።

«እናቴ ወድቃለች እኮ» አልኩት።

«እግዜር ይማርልሽ። መሣሪያው ሲያሸልብ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ግን ከምንም አይቆጠርም። ቁጥሩ ንጹህ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ልጣላው ፈለግኩ፤ አቅሙ ግን አልነበረኝም።

የእማዬን መጥሪያ ከቦርሳዬ አወጣሁ። እስክመለስ ከአጠገቧ እንዳትነሳ እትዬን ለምኜ ነው ያመጣሁት። የተሸጠ ስለሆነ የታሸገ ነው፤ እንደ መሞከሪያው በኮምፒውተር የምንከታተልበት ገመድ መሰኪያ የለውም። ጀርባውን ከፍተን መለኪያውን ባትሪው ላይ ብቻ አሰርን። ቁጥሩ ከመሞከሪያው በላይ ወጣ። ሶፍትዌሩ ያው፣ ዕቃው ያው።

 ንጹህ እጁን ሰደደና ከመሞከሪያው መሣሪያ ላይ መከታተያ ገመዱን ነቀለ። የሱም ቁጥር ዘሎ የእማዬን አከለ።

ገመዱ መልእክት ብቻ የሚያመላልስ መስሎን ነበር። ለካ በጎን ኤሌክትሪክም ይቀልበው ኖሯል! ጠረጴዛ ተደግፎ ሚዛን ላይ እንደቆመ ሰው፣ ቀለለ እያልን ከረምን። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

«እንግዲህ ውስጡ ያልተኛ አለ» አለ ንጹህ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ክፍሎቹን በየተራ እያጠፋን ፈተሽን። መብራቱ አይደለም። ሬዲዮውም አይደለም። ማይክሮፎኑ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲያሸልብ እሱ ጆሮውን አቁሞ ያድራል፤ ተኛ ያለው የለማ። ጥቂት መስመር ጻፍኩ፦ ስታሸልብ ማይክሮፎኑን አጥፋ፣ ቁልፉ ሲነካ አብራ። ቁጥሩ ወረደ፤ ያለ ገመድ።

አዲሱን ሶፍትዌር ጭኜበት መጥሪያውን መልሼ እማዬ አንገት ላይ አጠለቅሁት። እትዬ «እናየዋለን» ብላ በሯን ከፍታ መተኛቷን ቀጠለች። ቀኑ እየገፋ ሄደ፤ ባትሪው ግን አልደከመም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የመጥሪያው ድምፅ ነው። ወንበሩን ገልብጬ ወጣሁ።

«እማዬ! ወደቅሽ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ» አለች በሹክሹክታ። «እህትሽ ተኝታለች። በሯን ዘግታ! ያንን የከሰዓት ስልክሽን እንዳትደውይባት ብዬ ነው።»

«እሺ እማዬ።»

«ውሸት ከመሰለሽ ስሚያት።»

መጥሪያውን ወደ በሩ አስጠጋችልኝ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ፣ እንባዬ እየወረደ፣ እህቴ ስታንኮራፋ አዳመጥኩ።