በአማና የተቀመጡ ወረቀቶች

እናቴ ዘሊካ የኢንተርኔት ሱቋን ስድስት ኮምፒውተሮች ለከቢር ልትሰጥ ቃል ገብታ ነበር። ከቢር አሮጌ ዕቃ ይሰበስባል፤ የሞተውን ለብረቱ፣ ያልሞተውን ጠግኖ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ይሸጠዋል። ከአሱር በኋላ ሊመጣ ነው። እኔ ደግሞ ካቻቪቴና መሰርሰሪያ ይዤ ገባሁ።

«ራዛን፣ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ዲስካቸውን አውጥቼ ልበሳው። የሴቶቹ ወረቀት አለበት።»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ!»

መከራከር ስለሰለቸኝ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ከፈትኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ የአንዲት ሴት ፓስፖርት ከነቁጥሩ፣ ከነፎቶው ብቅ አለ።

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሁስና አይደለችም እንዴ?»

ናት። ሰው ሁሉ በስልኩ መተያየት ሳይጀምር፣ ካርቱም ሁለት ሰፈር ያለችው ይህቺ ሱቅ አርብ አርብ በወሎ ሴቶች ትሞላ ነበር። በየሰው ቤት ሲሠሩ ሰንብተው፣ የክት ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ካሜራው ፊት ይጋፋሉ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ኢሜይል ጻፊያቸው ነበርኩ። ሁስና ሩብ ሰዓት እያለቀሰች የነገረችኝን ሁለት መስመር ሳደርገው «አንቺ ዐረብ፣ ደብዳቤ ነው ያልኩሽ ቴሌግራም?» ትለኝ ነበር። ያኔ ቶሎ እንዲሄዱልኝ እፈልግ ነበር። ዛሬ ባዶውን ሱቅ ሳይ፣ ምን አጣደፈኝ እላለሁ።

አሠሪ ፓስፖርታቸውን ስለሚይዝባቸው፣ ቅጂውን እናቴ ኮምፒውተሮች ላይ በአማና፣ በአደራ ያስቀምጡ ነበር። ጠባችንም በዚሁ መጣ።

«አማና ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ አይበሳም» አለች።

«ባለቤቶቹ የት አሉ፣ ዩማ? አንዱ በስማቸው ሲም አውጥቶ ቢያጭበረብር፣ እዚህ ያሉትን ፖሊስ አይለቃቸውም።»

እናቴ ስልኳን አነሳችና ኮምቦልቻ ደወለች።

«ሁስና፣ ወረቀትሽ እስካሁን እኔ ጋ አለ።»

«ወላሂ? አንቺ ሴትዮ ምንም አትጥዪም!» ሳቋ ሱቁን ሞላው። «ወረቀቱን ቅደጂው። የአርብ ፎቶዎቼን ግን ላኪልኝ፤ ቆንጆ እንደነበርኩ ልጆቼ አያምኑም።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ፎቶዎቹን አውጪ። ያገኘኋቸው ይድረሳቸው፣ የቀሩትን እኔ እይዝላቸዋለሁ። ወረቀቱ ይበሳ።»

ከቢር በር ላይ ጡሩምባ ነፋ። «ያላ፣ እትዬ ዘሊካ!»

«ነገ ና!» ብዬ ጮህኩበት።

እስከ መግሪብ ፎቶ ገለበጥን። ከዚያ እሷ ዲስኩን በጉጠት ይዛ ቢስሚላህ ትላለች፣ እኔ እበሳለሁ። ስድስት ጊዜ።

በማግስቱ ከቢር ባዶ ቀፎዎቹን ሲጭን፣ ገመዱን ለመዳቡ ብሎ ሜዳ ላይ እንዳያቃጥል አስጠነቀቅኩት። «ጭሱንም ልትቆጣጠሪ፣ ያ ዶክቶራ?» ብሎ ስቆብኝ ሄደ። እናቴ ቀና ብላም አላየችው። ፎቶዎቹን በስልኳ ለየባለቤታቸው እየላከች ነበር።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ የምትስቅ ልጅ። አላወቅኋትም። ከኋላዋ ፊቷን አጨማዳ ሰዓት የምታየው ግን እኔ ነኝ።

«ለሁስና ላኪላት፤ እሷ ሰው አትረሳም» አልኩ። እናቴ ለመልእክቱ ፊደል እስክትለቅም መጠበቅ አቃተኝና ስልኩን ተቀብዬ ራሴ ላክሁት።