በባዶው ወንበር ላይ የታሰረ ቀበቶ

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲያትል ያልለመደችው በረዶ ወረደባት። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን ጎማው በረዶው ላይ አልይዝ ብሎ ከማኮብኮቢያው ወጣና አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ቀብሮ ቆመ። ሰው አልሞተም። መንገደኞቹ ለአደጋ ጊዜ በአየር በሚነፋው ሸርተቴ ወርደው፣ ብዙዎቹም ጫማቸውን ትተው፣ ወደ ተርሚናሉ ተወሰዱ።

ከሰዓት በኋላ አፀደና ጋሼ ዓምደ ሚካኤል የቀረውን ዕቃ እንዲያወጡ ተላኩ። ሁለቱም አውሮፕላን በማጽዳት ነው የሚተዳደሩት፤ እሷ ገና ጀማሪ ናት፣ እሳቸው ቆይተዋል።

ውስጡ መብራት የለም። ወለሉ ወደ ፊት ስላዘነበለ ከኋላ ሰው የሚገፋቸው ይመስል ነበር። አፀደ ከየወንበሩ ሥር ጫማ እየለቀመች ከረጢት ውስጥ ስትከት ቆየችና ድንገት ቆመች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይምጡ።»

የሌላው ወንበር ቀበቶ ሁሉ ተፈቶ ተንጠልጥሏል። ክንፉ ጋ፣ መስኮት ዳር ያለው ግን እንደታሰረ ነው። መቀመጫው ላይ አልወደቀም፤ የሰው ጭን እንዳቀፈ ከፍ ብሎ ቀርቷል።

ጋሼ ዓምደ መዳፋቸውን መቀመጫው ላይ አሳረፉና ወዲያው አነሱት።

«ይሞቃል» አሉ በዝግታ።

«ሂተሩ ይሆናላ።»

«ሂተሩማ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ንኪው።»

ነካችው። ሰው አሁን የተነሣበት ያህል ይሞቅ ነበር።

«ልፍታው?»

«ተዪው። ኦኬ፣ ከረጢቱን ያዢና እንውጣ።»

ተርሚናሉ ውስጥ አፀደ ጫማ ስታድል ብርድ ልብስ የለበሱ አንዲት ሴት በአማርኛ አመሰገኗት። ዙሀራ ይባላሉ፤ እዚሁ ከተማ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነበር የመጡት።

«እማማ፣ የት ጋ ነበር የተቀመጡት?»

«ክንፉ ጋ። ከመስኮት አንድ ወንበር ወዲህ።»

«አጠገብዎ የነበረው ሰው ደኅና ወጣ?»

«ሰውማ አልነበረም። መንገዱን ሁሉ ቦርሳዬን ነበር እዚያ ያኖርኩት። አውሮፕላኑ ሲንሸራተት ዓይኔን ጨፍኜ ዱዓ ሳደርግ ግን፣ በዚያ በኩል እጄን የያዘኝ አለ። ሞቅ ያለ እጅ። ሲቆም ብገልጥ ማንም የለም።»

«አልፈሩም?»

«ያኔስ አልፈራሁም፣ ልጄ። የፈራሁት አሁን ነው። ሁላችንንም ሲያወርዱን፣ እሱን ማን አወረደው?»

አፀደ ይህን ስትነግራቸው ጋሼ ዓምደ ባትሪያቸውን አንሥተው አብረዋት ተመለሱ። ወንበሩ እንደሞቀ ነበር። አፀደ ቀበቶውን ፈታችውና «ይውረዱ፣ በቃ ደርሰዋል» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ቀድማ ወርዳ በሩ ላይ የተደገፈውን መሰላል ያዘችላቸው። ጋሼ ዓምደ በረዶውን ከረገጡ በኋላም አልለቀቀችም። መሰላሉ መዳፏ ውስጥ ቀስ እያለ፣ ደረጃ በደረጃ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሁለቱም ወደ ሥራ መኪናቸው ሄዱ። ጋሼ ዓምደ የኋላውን በር ከፍተው ጥቂት ቆዩና መልሰው ዘጉት።