ከሌምፒ ጋር የሮጥንበት በጋ

ራልፍን ሳገባ እህቱንም አብሬ ያገባሁ ይመስለኛል። ሌምፒ ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብላ ነበር የምትኖረው፤ ማዕድን ማውጫው ተዘግቶ ሰው ከተማውን ጥሎ ሲሄድ በርካሽ ከተሸጡት የእንጨት ቤቶች በአንዱ። ባሏ ሩዲ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ የብረት ማዕድን በሚያመላልሱ መርከቦች ነበር የሚሠራው። የሐይቁ በረዶ ከቀለጠበት ጊዜ አንስቶ ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ ቤቱ የሷ ብቻ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ እኛ ጋ ትበላለች፣ ቅዳሜ ሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን፣ ሲሞቅ ከእኔና ከእናቷ ጋር ትታጠባለች፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትሮጣለች።

ሰባዎቹ ሊያልቁ ነበር። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር፣ ሚሺጋን ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ትልቅ ሴት መንገድ ለመንገድ ስትሮጥ ማየት ብርቅ ነው። አንዳንዱ መኪናውን አቁሞ ማን እያሳደዳት እንደሆነ ይጠይቃታል። እሷ ምድጃ ላይ ወተት ጥጄ ረስቼው ነው ብላ ታልፈዋለች። በትምህርት ቤት የትንንሾች መምህርት ስለነበረች ልጆቹ ከየመስኮቱ ስሟን እየጠሩ ይከተሏታል። ራልፍ እንኳ፣ የማይሸነፍ ሰው፣ በልጅነታቸው አንድም ቀን ቀድሟት እንደማያውቅ ያምን ነበር።

የመጀመሪያውን ያረገዘች ጊዜ ትንሽ ደም አየች። ዶክተር ሀልቮርሰን ተኚ አሏትና ተኛች። የገና በዓል ካለፈ ጀምሮ በረዶው ከጣሪያው ላይ መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ አልጋ ላይ ነበረች። ምግብ እወስድላታለሁ፣ ጸጉሯን አበጥርላታለሁ። እሷ መስኮቱን እያየች እግሮቿን ከብርድ ልብሱ ሥር ታንቀሳቅሳለች። እንዲያም ሆኖ ልጁ አልቆየላትም። ዶክተሩ ማንም ያጠፋው ነገር የለም፣ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል አሉ። ሌምፒ መንገዱ እንደደረቀ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ ያን ዓመት የሮጠችውን ያህል ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

በዓመቱ እንደገና አረገዘች። የሩዲ መርከብ ገና ወደብ ስላልገባ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆማ ነገረችኝና ወዲያው፣ "ተኚ ካሉኝ አብዳለሁ" አለችኝ። ዶክተሩ ጋ አብሬያት እንድሄድ ፈለገች፣ ሄድን።

ዶክተር ሀልቮርሰን የከተማውን ግማሽ ያዋለዱ ሽማግሌ ናቸው። መርምረዋት ሲያበቁ መሮጥ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ሲጠርጉ ቆዩ።

"እውነቱን ልንገርሽ ሌምፒ፣ አላውቅም" አሏት። "የተማርኩበት መጽሐፍ ስለዚህ ነገር አንድም አይልም። አሁን ምንም የሚያስፈራ ነገር አላየሁብሽም፤ ሰውነትሽ ደግሞ ሩጫ የለመደ ነው። ቀስ በይ። ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ደም ካየሽ፣ ካዞረሽ፣ ሆድሽ ከጠነከረብሽ እዚያው ቆመሽ ወደ እኔ ትመጫለሽ።"

"ከጎኔ ማን አለና?" አለች።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ አውቶቡስ ካላመለጠኝ በቀር ሮጬ አላውቅም።

እነዚያን ጠዋቶች ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አያቸዋለሁ። ሐዲዱ ተነቅሎ የተሸጠ አሮጌ የባቡር መስመር ነበር፤ ከሰፈራችን ጀርባ ተነስቶ ነጫጭ ግንድ ባላቸው ዛፎች መሃል እስከ ሐይቁ ይወርዳል። ከሐይቁ የሚነሳው ጉም ጉልበታችን ድረስ ይሸፍነናል፤ እግራችን ሳይታየን የምንንሳፈፍ ይመስል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ትንፋሼ እየተቆራረጠ እግሬን እየረገምኩ እከተላታለሁ። እሷ ወደ ኋላ ዞራ እየሮጠች ስለ ተማሪዎቿ ታወራኛለች፤ ከሁለታችን ማውራት ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። ሆዷ ሲገፋ ደግሞ ተራው ተገላበጠ። የሩዲን አሮጌ ሸሚዝ ለብሳ፣ ከሆዷ ሥር ሰፊ መቀነት ጠበቅ አድርጋ፣ ዳክዬ መሰልኩ እያለች ከኋላዬ ትመጣለች። በየመንገዱ ሽንቷ ስለሚመጣ ለየቁጥቋጦው ስም አወጣንለት፤ ትልቁን በቄሱ ስም ጠራነው። ስንመለስ ሄል የገባበት ዳቦ በወተት እየነከርን እንበላለን። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ እንደዚያ ጣፋጭ ነገር የቀመስኩ አይመስለኝም።

ሰው ማውራቱ አልቀረም። ሌምፒ ለወሬው ግድ አልነበራትም፤ የከበዳት የእናቷ ነገር ነው። አማቴ ሂልያ ከፊንላንድ በልጅነቷ የመጣች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። በቤቷ ደጃፍ ስናልፍ መጋረጃዋን ትዘጋለች። በሳውናው ውስጥ፣ ሌምፒ ታችኛው መደብ ላይ ለአፍታ አረፍ ስትል፣ ሆዷን አየት ታደርግና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ቀን ብቻ፣ "እግዚአብሔርን አትፈታተኚ" አለቻት፤ ሌላ አልጨመረችም። ሰው ምን ይለናል ብላ ነው ብዬ ነበር።

በየዓመቱ በሐምሌው የነፃነት በዓል ከተማችን ውስጥ ሩጫ ይደረጋል። ሌምፒ ያኔ ስድስት ወሯ አልፏል። ዶክተሩ በጠዋቱ ሩጫዋ ዓይነት ከሆነ ሂጂ ብለዋታል። አዘጋጁ ዋልተር፣ ሚስማርና መዶሻ የሚሸጠው ባለሱቅ፣ ሆዷን ሲያይ የሯጭ ቁጥሯን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘው።

"ሌምፒዬ፣ እወድሻለሁ፣ ግን መሃል መንገድ ላይ ብትወልጂብኝ ምን ይውጠኛል?" አላት።

"ሁለት ቁጥር ትሰጠኛለሃ።"

ሰዉ ሳቀ፣ ዋልተርም ሳቀ፣ ቁጥሩን ግን አልሰጣትም። ያለ ቁጥር ከሁሉም ኋላ ተነሳን።

ቀኑ ሞቃት ነበር። በየደጁ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠው ሰው መጀመሪያ ዝም ብሎ አየን፤ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ የአትክልት ማጠጫ ጎማውን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ዝናብ አርከፈከፈልን፤ ከዚያ ማጨብጨብ ተጀመረ። ከትምህርት ቤቷ ልጆች አንዳንዶቹ አብረውን ሮጡ። ሌምፒ ፊቷ ቀልቶ ትስቃለች፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አጨብጭቦልኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

የመጨረሻው ዳገት የሚያልፈው በአማቴ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ የሙዚቃ ባንዱ ሲጫወት ይሰማል፣ የመጨረሻው መስመር ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ይታያል። እዚያ ስንደርስ ሌምፒ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሆዴ ጠነከረብኝ።"

እኔ ዓይኔ ጨርቁ ላይ ነበር። ደርሰናል፣ በእግራችን ቀስ ብለን እንጨርሰው አልኳት።

"አይ ቬርና። ለእኔ እዚህ ጋ አለቀ" አለችና የእናቷ ቤት ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ምንም የቁጭት ነገር ፊቷ ላይ አላየሁም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ውስጧን ታዳምጥ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሂልያ በብርጭቆ ውኃ ይዛ ወጣች። ሌምፒ ጠጣች፣ በጎኗ ጋደም አለች፣ ጥቂት ቆይቶ ጥንካሬው ለቀቃት። ልጁም ረገጣት። የእናቷን እጅ ወስዳ የረገጠበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። አማቴ እጇን ሳታነሳ ማውራት ጀመረች፤ ለእኛ ሳይሆን ለመንገዱ የምታወራ ይመስል ነበር።

ከሌምፒ በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ አለች። እርጉዝ ሆና ሜዳ ላይ ድርቆሽ ስትሸከም ውላ፣ በዚያው ማታ አጣችው። ወንድ ነበር። ለባሏ በእኔ ጥፋት ነው አላለችውም፣ ለማንም አላለችም።

"ያን ሸክም ባላነሳው ኖሮ ዛሬ ትልቅ ሰው ነበር" አለች። "አንቺ በዚህ በር ባለፍሽ ቁጥር ያ ድርቆሽ ነው የሚታየኝ።"

ሌምፒ ቀና ብላ ተቀመጠች።

"እኔኮ ተኝቼ ነው ያጣሁት፣ እማማ።"

ታች ሜዳው ላይ ባንዱ ይጫወታል። አማቴ አንገቷን ደጋግማ ነቀነቀች፤ በኋላ ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሳችና አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፣ ከዚያም በኋላ አላየሁም። ሌምፒ ትከሻዋን አቅፋት ተቀመጠች። እኔ ብርጭቆውን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በማግስቱ ዶክተሩ አይተዋት ምንም የለም፣ ከእንግዲህ ግን ሩጫውን ትተሽ ተራመጂ አሏት፤ ያለ ክርክር እሺ አለች። በሳምንቱ ወደ አሮጌው የባቡር መስመር ልንወጣ ስንል ሂልያ የባሏን የጎማ ቦቲ ተጫምታ ደጃችን ላይ ቆማለች። የበጋውን ቀሪ ሦስታችን ተራመድን። እሷ ቆርቆሮዋን ይዛ ከየጥጉ የጫካ እንጆሪ ትለቅማለች፣ እኛን ትቀድመንና እናንተ ወጣቶች ምን ሆናችሁ ትለናለች። ከቄሱ ቁጥቋጦ ስንደርስ ስሙን ነገርናት፤ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሐይቁ ዞረች። በዚያ መንገድ ላይ ነው የልጇን ስም የነገረችን። ኦኒ ብላው ነበር።

ሌምፒ በጥቅምት፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሰሞን ወለደች። በሆስፒታሉ ኮሪደር ከእኔ ጋር እየተመላለሰች አምጣ፣ ሩዲ ከመርከብ ሳይደርስ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ኦኒ ልትለው ፈልጋ እናቷን አስፈቀደቻት። አማቴ እንቢ አለች። የእሱ ስም የእሱ ነው፣ ለዚህኛው የራሱን አውጡለት አለች። አርቪድ አሉት።

አርቪድ አሁን ጎልማሳ ነው፣ ጸጉሩ ሸሽቷል። ባለፈው ሚስቱ አርግዛ ሐኪም ቤት ደርሳ ስትመለስ፣ በየቀኑ ተንቀሳቀሺ፣ መሮጥ ከለመድሽ ሩጪ አሉኝ ብላ እንደ ተራ ነገር ነገረችን። ሌምፒና እኔ ተያየን። አማቴ ካረፈች ቆየች፤ እኔ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ሌምፒም በዱላ ነው የምትሄደው። የአርቪድ ሚስት ጫማዋን አስራ ስትወጣ ሌምፒ ከመስኮቱ ሆና እስክትርቅ አየቻት።

"ከጎኗ የሚያወራት ሰው የላትም" አለችኝ።

ልጅቷ ጆሮዋ ውስጥ የሚዘፍንላት ነገር እንደሰካች ነገርኳት። ሌምፒ አንገቷን ነቅንቃ ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ እስኪመሽም ስለዚያ በጋ ስናወራ ዋልን።