የአሥራ አራት ቁጥር ክፍል ቆሻሻ

የሰደበኝ የተማሪዎች ዲኑ ነው፤ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በተከፈተ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስብሰባ ላይ። እኔ የኮሌጁ ማደሪያ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ከአሥራ አራት ቁጥር ክፍል ቅርጫት በየቀኑ ባዶ የመጠጥ ጠርሙስና የእንቅልፍ ኪኒን ማሸጊያ እንደማወጣ፣ እዚያ የሚያድረውን ልጅ ቶሎ የሚያናግረው ሰው እንደሚያስፈልግ ተናገርኩ።

«ከአራተኛ ክፍል አቋርጠህ በመጥረጊያ ዶክተር ሆንክ እንዴ?» አለኝ። ሁሉም አውካካ። አብራኝ የምትጠርገዋ ሴትዮ እንኳ ሳትቀር ሳቀች። ቀጥሎም ሐሙስ ለሱስ መከላከያ ሳምንት እንግዶች ስለሚመጡ፣ ቅርጫቱን ሁሉ ቀድሜ እንድገለብጥ አዘዘኝ። ገለበጥኩ። እንግዶቹ ንጹሑን ማደሪያ አይተው አጨበጨቡ።

ዓርብ ጠዋት ለጽዳት በሩን ስከፍት ልጁ አልጋው ላይ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።

እናቱ ስትመጣ ዲኑ ትከሻዋን እንደደገፈ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ በየቀኑ ስትገባ ምንም አላየህም? ምነው አንድ ቃል ብትተነፍስ?»

እናትየው ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ልጅሽን ማዳን ይቻል ነበር ብዬ እዚያ ልንገራት? ዝም ካልኩ ጥፋቱን በእኔ እንደምታደርገው አውቃለሁ። ባልዲዬን አንስቼ ሄድኩ።